ፍሬው የት ሄደ?

ብራስልስ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ባለፈው ቅዳሜ ስንሰባሰብ ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካክቼዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ቤት ነው። ሚዲ ባቡር ጣቢያ ወርዳችሁ ትንሽ በእግር ብትሄዱ ታገኙታላችሁ። አንደርሌክት ውስጥ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጋራዥ ይመስላል፤ ብዙዎቻችን በደጃፉ አልፈናል። ካንቲዮን ይባላል። ቢራ ይጠመቅበታል። ከ1900 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነው የያዘው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳንምታታ።

ወደዚህ ቤት የወሰደኝ አንድ ጥያቄ ነው። ብራስልስ በመጣሁበት ዓመት አንድ ጓደኛዬ ቡና ቤት ወስዶ ክሪክ አዘዘልኝ። ክሪክ በዚህ አገር ጎምዛዛው ቼሪ ነው፤ በሱ የሚሠራው ቢራም በዚያው ስም ይጠራል። የቀረበልኝ ቀይ፣ ጣፋጭ፣ ለስላሳ መጠጥ የመሰለ ነገር ነበር። ደስ ብሎኝ ጠጣሁት። የፍራፍሬ ቢራ ማለት ይሄ ነው ብዬም ደመደምኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ካንቲዮን ገባሁ። ያንኑ ስም ጠርቼ አዘዝኩ። ቀለሙ ያው ቀይ ነው። ስጎነጨው ግን ጉንጬ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ። የስኳር ዘር የለበትም። ሎሚ አለ፤ የቼሪ ሽታ አለ፤ እርጥብ እንጨት አለ፤ መጨረሻ ላይ ለውዝ የሚመስል ነገር ይመጣል። ጣፋጩን ግን ብፈልገው የለም። የሚቀዳውን ልጅ "ፍሬው የት ሄደ?" አልኩት።

"እርሾው በላው" አለኝ።

ይህች መልስ እስከ ዛሬ አለቀቀችኝም። እዚያ ቤት ፍሬ የሚገባው ቢራውን ለማጣፈጥ አይደለም። እንዲበላ ነው የሚገባው። ይህን የተረዳ ሰው የቀረውን ነገር ሁሉ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ነው ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት።

ደብረ ብርሃን ያደግኩት አያቴ ዘንድ ነው። እቴቴ እንላት ነበር። ጠላ ትጠምቃለች። ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ድፍድፉን አስገብታ አፉን ትመርገዋለች። እኛ ልጆች ጆሯችንን ጋኑ ላይ ለጥፈን ውስጡ ሲፍለቀለቅ እንሰማለን። ስታየን "ተዉት፣ ሥራ ላይ ነው" ትለናለች። እርሾ ገዝታ አታውቅም። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ ጋኑ፣ የቤቱ አየር ይበቃታል። እዚህ አገር ዩኒቨርሲቲ የተማሩ ሰዎች ይህን አሠራር ረጅም ስም ሰጥተው ያጠኑታል። ካንቲዮንን የወደድኩት በዚህ በኩል ነው። የእቴቴን አነጋገር የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

ቤቱን ፖል ካንቲዮን የሚባል ሰው ነው ከሚስቱ ከማሪ ትሮክ ጋር የጀመረው። መጀመሪያ ጠማቂ አልነበረም። ከሌሎች ጠማቂዎች ላምቢክ እየገዛ፣ እያቆየ፣ እየቀላቀለ የሚሸጥ ነበር። ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጥሩ ምላስ ይፈልጋል። በራሳቸው ጠመቃ የጀመሩት በ1938 ነው። ላምቢክ የምላችሁ የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነውን ቢራ ነው። ክሪኩም ሌላውም ከሱ ነው የሚወለደው። ስለዚህ ፍሬው ጋ ከመድረሳችን በፊት እሱን ማወቅ አለብን።

በዓመት ውስጥ በራቸውን ለሕዝብ ክፍት አድርገው የሚጠምቁባቸው ቀናት አሉ። አንዴ ሄጃለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚጀመረው። ጨለማ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። በሩን ገፋ ስታደርጉ ግን የገብስ እንፋሎት ይቀበላችኋል። የእናቴ ማጀት የገባሁ ነው የመሰለኝ። እህሉ ሁለት ሦስተኛ ገደማው የገብስ ብቅል ነው፤ የቀረው ያልበቀለ ጥሬ ስንዴ። ለአንድ ጠመቃ 1300 ኪሎ ያህል ይፈጫል። በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል። ሙቀቱን ደረጃ በደረጃ ከፍ እያደረጉ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠሩታል። ማሽኖቹ የድሮ ናቸው፤ ቀበቶና መዘውር እየተሽከረከረ ጣሪያው ስር ይንጓጓል። ሲጠልል የሚወርደው ውሃ ድፍርስ ነው፣ ወተት የገባበት ይመስላል። እርሾው ለሦስት ዓመት የሚበላውን ስንቅ ከወዲሁ እያስያዙት ነው። ቶሎ የሚያልቅ ስኳር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ተበልቶ ያልቅ ነበር።

ከዚያ ይፈላል። ሦስት አራት ሰዓት ይፈላል። 10,000 ሊትር የነበረው በእንፋሎት ተኖ 7,500 ሊትር አካባቢ ይቀራል። ሆፕ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሆፕ ማለት ሐረግ ላይ የሚያብብ፣ ለቢራ የኛን የጌሾን ሥራ የሚሠራ አበባ ነው። ሌሎች ጠማቂዎች ትኩሱን ይሻማሉ። እነዚህ ግን ሁለት ሦስት ዓመት ያረጀውን ነው የሚጠቀሙት። ጆንያው ሲከፈት ሽታው ከአበባ ይልቅ አይብ አይብ ይላል። ለምን ያረጀውን? ምክንያቱም ምሬቱን አይፈልጉትም። መራራና ጎምዛዛ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሲገናኙ ይጣላሉ። የሚፈልጉት የመጠበቅ ኃይሉን ነው። ሆፕ አጥፊ ባክቴሪያዎችን ይገታል። ሲያረጅ ምሬቱ ይከዳዋል፤ ጥበቃው ግን አብሮት ይቆያል።

አሁን ደረጃውን ወደ ላይ እንውጣ። ከጣሪያው ስር አንድ ክፍል አለ። ወለሉ በሙሉ ማለት ይቻላል አንድ ትልቅ የመዳብ ገንዳ ነው። በጣም ሰፊ ነው፤ ጥልቀት ግን የለውም። የፈላው ውሃ እዚህ ይለቀቃል። ጣሪያውም ግድግዳውም ላይ አየር ማስገቢያ ክፍተቶች አሉ። ሁሉንም ይከፍቷቸዋል። ከዚያ ሰዎቹ መብራት አጥፍተው ይወጣሉ።

በቃ። እርሾ የሚጨምር ሰው የለም። የብራስልስ የሌሊት አየር ነው እየገባ የሚወርድበት። በአየሩ፣ በጣሪያው እንጨት፣ በበርሜሎቹ ውስጥ የሚኖሩ የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው ጠማቂዎቹ። እኔ በዚያ ምሽት በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እንፋሎቱ ጥቅጥቅ ከማለቱ የተነሳ የፊቴን ሰው አላየውም። ውሃው ላይ አንዳንዴ ጠብታ ከጣሪያው ይወርዳል፤ ጠብ፣ ጠብ። ማንም አልተናገረም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደቆመ ሰው ነበር ሁሉም።

እስኪነጋ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ይቀዘቅዛል። ከዚያ የእንጨት በርሜል ውስጥ ይገባል። በርሜሎቹ አሮጌ ናቸው፤ ወይን ወይም ኮኛክ የነበረባቸው። እጥበታቸው ያስገርማል። ሙቅ ውሃና ሰንሰለት ውስጣቸው አስገብተው ያሽከረክሯቸዋል። እቴቴ ጋን ስታጥብ ጠጠር ጨምራ ታንቀጫቅጭ ነበር።

በርሜሉ ውስጥ ስለሚሆነው ትንሽ ልቆይ፤ ፍሬውን የሚበሉት እነሱ ናቸውና። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የበርሜሉ አፍ ክፍት ነው፤ አረፋ እየገነፈለ ይወጣል። በመጀመሪያ የሚሠሩት ብዙም የማይቆዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ቀጥሎ የተለመደው የቢራ እርሾ ይመጣና ለወራት ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል። ሙቀቱ ሲጨምር ተራው ፔዲዮኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ይሆናል። ጉምዛዜው ባብዛኛው የሱ ሥራ ነው። በዚህ ጊዜ ቢራው "ይታመማል" ይላሉ ጠማቂዎቹ። እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ስትቀዱት ክር ሆኖ ይወርዳል። ሌላ ፋብሪካ ቢሆን ያንን ያየ ሰው ቱቦ ከፍቶ ያፈሰዋል። እነሱ ግን ይጠብቃሉ። ምክንያቱም ከኋላ ብሬታኖማይሲስ የሚባል የዱር እርሾ እየመጣ ነው። እሱ ቀስ ብሎ ዝልግልጉን ይበላና ቢራውን ያጠራዋል። ያ የእንጨት፣ የጋጣ፣ የአሮጌ ቤት ሽታም ከሱ ነው የሚመጣው።

የዚህ እርሾ ታሪክ ደስ ይለኛል። ዴንማርክ ኮፐንሃገን ውስጥ በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን የሚባል ሳይንቲስት በ1883 አንድ ንጹህ እርሾ ለብቻው ነጥሎ አሳደገ። ከዚያ በኋላ የዓለም ቢራ ፋብሪካዎች አንድ በአንድ የዱሩን እርሾ አባረሩት። እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ በ1904 ደግሞ ክላውሰን የሚባል ሌላ ሰው በእንግሊዝ ቢራ ውስጥ ያገኘውን የዱር እርሾ አጥንቶ ስም ሰጠው፤ ብሬታኖማይሲስ፣ የብሪታንያ ፈንገስ ማለት ነው። በ1921 ከላምቢክ የተገኘው ዝርያ ተመዘገበ፤ በከተማዋ ስም ብሩክሰለንሲስ ተባለ። ወይን ጠማቂዎች ይህን እርሾ ሲያዩ ይደነግጣሉ፤ ወይናቸውን ያበላሻል። እዚህ ግን ያለ እሱ ላምቢክ የለም።

አሁን ፍሬው ጋ ደርሰናል።

ከብራስልስ ሰሜን ምሥራቅ ስካርቤክ የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ፤ እዚያ የምትኖሩም አላችሁ። ድሮ ገጠር ነበር፤ የቼሪ ዛፍ የሞላበት። ገበሬዎቹ ፍሬውን በአህያ ጭነው ብራስልስ ገበያ ያመጡ ነበር። ለዚህ ነው ስካርቤክ እስከ ዛሬ "የአህዮች ከተማ" የሚባለው። ጆሳፋት ፓርክ፣ በኛ አጠራር ኢዮሳፍጥ፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት፣ አሁንም አህዮች አሉበት። ልጆቹ ሳር ሲያበሏቸው የቼሪ ታሪክ እንደሆነ ንገሯቸው።

የስካርቤክ ቼሪ ትንሽ፣ ጥቁር ቀይና ጎምዛዛ ነው። ሥጋው ጥቂት ነው፤ ውስጡ ያለው ደረቅ ዘር፣ ድንጋይ የምንለው፣ ትልቅ ነው። ለጥሬ አፍ አይሆንም። ለላምቢክ ግን የተፈጠረ ይመስላል። ከተማው እየሰፋ ዛፎቹ ተቆረጡ። ዛሬ እውነተኛ የስካርቤክ ቼሪ ማግኘት ከባድ ነው፤ አብዛኞቹ ጠማቂዎች ከምሥራቅ አውሮፓ የሚመጣ ጎምዛዛ ቼሪ ይጠቀማሉ። በፓዮተንላንድ፣ ማለትም ከብራስልስ ምዕራብ ባሉት ኮረብታዎች፣ ዛፉን መልሰው የሚተክሉ ሰዎች አሉ።

ቼሪው በበጋው መካከል፣ በሐምሌ አካባቢ ይደርሳል። ካንቲዮን ለአንድ ሊትር ቢራ 200 ግራም ገደማ ፍሬ ነው የሚያስበው። አንድ ሙሉ እፍኝ ማለት ነው። ፍሬው አይጨመቅም፣ አይፈጭም፣ አይቀቀልም። ከነድንጋዩ፣ ሙሉውን በርሜል ውስጥ ይገባል። ከላዩ ዓመት ተኩል ገደማ የቆየ ላምቢክ ይሞላበታል።

በርሜሉ ውስጥ ለወራት የተራቡ እርሾዎች አሉ። ስንቃቸው እያለቀ ነበር። ድንገት የዚያ ሁሉ ፍሬ ስኳር መጣላቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በርሜሉ እንደገና ይነሳል። ጆሮ ጠጋ ካደረጋችሁ ትሰማላችሁ፤ ያው የእቴቴ ጋን ድምፅ ነው። ቀይ አረፋ ወደ ላይ ይገፋል። ቼሪው ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አሲዱን ይሰጣል። ስኳሩ ግን ይበላል፤ ሁሉም። ድንጋዩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከሱ ነው ያ መጀመሪያ ቀን የቀመስኩት የለውዝ ጣዕም የሚመጣው። ከወራት በኋላ በርሜሉ ሲከፈት ውስጡ የሚቀረው ቀለሙ የለቀቀ ቅርፊትና ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ አይቻለሁ። ሐመር፣ ባዶ፣ ቀላል። ያለውን በሙሉ ሰጥቶ የጨረሰ ፍሬ ነው።

ፍሬ ባለበት ዝንብ ይመጣል። ዝንብ ቢራውን ኮምጣጤ ሊያደርገው ይችላል። መድኃኒት ይረጫሉ ብላችሁ እንዳታስቡ፤ አየሩን ይገድለዋል። የሚያደርጉት ሸረሪቶቹን አለመንካት ነው። ካንቲዮን ብትገቡ የሸረሪት ድር በርሜሎቹ መሃል እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሎ ታያላችሁ። ቤቱ የቆሸሸ የሚመስለው ሰው አለ። ሸረሪት መግደል ግን እዚያ ክልክል ነው፤ ዝንቡን የሚይዙት እነሱ ናቸው።

ከመታሸጉ በፊት ፍሬ ያልነካው ወጣት ላምቢክ ይጨመርበታል። ወጣቱ ገና ያልተበላ ስኳር አለው። እሱ ነው ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ጋዙን የሚሠራው። ከውጭ የተነፋ ጋዝ የለም። ለዚህ ነው የሻምፓኝ ዓይነት ወፍራም ጠርሙስ፣ ቡሽና ክዳን የሚያስፈልገው። ጉዝ የሚባለው ፍሬ የሌለው ቢራም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው፤ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተቀላቅሎ። አዛውንቱ ጣዕሙን፣ ወጣቱ ሕይወቱን ይሰጣል። ቅልቅሉን የሚወስነው የጠማቂው ምላስ ነው፤ አንዱ በርሜል ከሌላው አይመሳሰልምና።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ኃይል ለመረዳት ብራስልስ አጠገብ ባለችው በርሰል የሆነውን ማንሳት ይበቃል። እዚያ ድሪ ፎንተይነን የሚባል ታዋቂ የላምቢክ ቤት አለ። በ2009 ጠርሙሶቹ የሚቆዩበት ክፍል የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሸ። ክፍሉ እየሞቀ ሄደ። ጠርሙሶች ፈነዱ፤ ያልፈነዱትም ተበላሹ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ ነበር። ባለቤቱ አርማንድ ደበልደር አልጣለውም። የተረፈውን ከፍቶ ወደ አረቄ አወጣው፣ ሸጠውም፣ ቤቱም ከመዘጋት ተረፈ። ይህን ታሪክ ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። የዓመታት ሥራ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ሲሄድ አይቶ በማግሥቱ የተነሳ ሰው ነው።

ካንቲዮን በቼሪ ብቻ አልቆመም። በፍራምቧዝ፣ ማለትም በራስቤሪ፣ የሚሠራው ሮዜ ደ ጋምብሪኑስ ይባላል፤ ቀለሙ የሽንኩርት ልጣጭ ወደሚመስል ሮዝ ያደላል። ፍራምቧዝ ስስ ፍሬ ነው፣ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሟምቶ ይጠፋል፤ ሽታው ብቻ ይቀራል። በፈረንሳይ አፕሪኮት የሚሠራው ፉፉን ነው። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። አፕሪኮት ያልነበረበት ቤት ውስጥ አፕሪኮት የሸተታችሁ ይመስላችኋል። ነጭ ወይን የሚገባበት ቪኞሮን፣ ከቦርዶ አካባቢ የሚመጣ ቀይ ወይን የሚገባበት ሴን ላምቪኑስ አሉ። እነዚህን ሲቀምሱ ቢራ ነው ወይስ ወይን ጠጅ የሚለው ድንበር ይጠፋል።

ታዲያ ያ መጀመሪያ የጠጣሁት ጣፋጭ ክሪክ ምንድን ነው? ማጭበርበር ነው አልላችሁም፤ ሰው የፈለገውን ይጠጣል። ግን መለየት አለብን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሰው ምላስ ወደ ጣፋጭ ሄደ። ለስላሳ መጠጥ ገበያውን ሞላው። ጎምዛዛ ቢራ የሽማግሌ መጠጥ ተባለ። ብራስልስና ዙሪያዋ ሞልተው የነበሩት የላምቢክ ቤቶች እየተዘጉ ሄዱ። ብዙዎቹ የተረፉት ስኳር ወይም ጭማቂ ጨምረው፣ እርሾውን በሙቀት ገድለው ነው። እርሾው ከሞተ ስኳሩ አይበላም፤ ጣፋጭ እንደሆነ ይቀራል። ይሄ ነው ልዩነቱ፤ አንዱ ውስጥ ፍሬው ተበልቷል፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጧል።

ካንቲዮንም በዚያ ዘመን ወደ መዝጋቱ ተቃርቦ ነበር። ያዳነው ዣን ፒየር ቫን ሯ ነው፤ የፖል ካንቲዮን ልጅ የማርሴል አማች። ሙያውን ከአማቱ ተማረ። በ1978 ቤቱን ሥራ ሳያቆም ሙዚየም አደረገው። አንዳንድ ጊዜ ሙዚየም ሲባል የሞተ ነገር የሚቀመጥበት ይመስለናል። እዚያ ግን ትኬት ቆርጠህ ገብተህ በርሜሉ ሲፈላ፣ ጠርሙሱ ሲታጠብ ታያለህ። ከጎብኚ የሚገኘው ገንዘብና ስም ቤቱን አቆየው። ዛሬ ልጁ ዣን ነው የሚጠምቀው። አሁን ደግሞ ችግሩ ተገልብጧል፤ ከአሜሪካና ከጃፓን ሰው እየመጣ ይሰለፋል፣ ቢራው አይበቃም። መጨመር ይችሉ ነበር። ሦስት ዓመት የሚፈልገውን ነገር ግን በሁለት ዓመት ማድረስ አይቻልም።

የሚያሳስባቸው ሌላ ነገር ነው፤ ሌሊቱ እየሞቀ ነው። ገንዳው ላይ ያለው ውሃ በአንድ ሌሊት በደንብ እንዲቀዘቅዝ ውጭው ብርድ መሆን አለበት። ስለዚህ የሚጠምቁት ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው። ሲሞቅ የማይፈለጉ ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። በ2015 ኅዳር ከልክ በላይ ሞቆ የጠመቃ ሥራ ለማቆም ተገደዱ። አየሩ ሠራተኛቸው ነው ብያችኋለሁ። ሠራተኛው እየታመመ ነው።

አንድ የኛን ነገር ላንሳ። በ2016 ኅዳር መጨረሻ የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ ስብሰባውን ያደረገው አዲስ አበባ ነበር። የቤልጂየም የቢራ ባህል የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው እዚያ ነው። በዚያው ስብሰባ የኦሮሞ የገዳ ሥርዓትም ተመዝግቧል። ይህን ለአንድ የብራስልስ ሽማግሌ ብነግራቸው ማመን አቃታቸው። "የኛ ቢራ አዲስ አበባ?" አሉኝ። አዎ፣ አዲስ አበባ።

ሱፐርማርኬት ስትገቡ እንዴት እንደምትለዩ ልንገራችሁና እጨርሳለሁ። ጠርሙሱ ላይ ከጉዝ ወይም ከክሪክ በፊት "ኦውደ" የሚል ቃል ፈልጉ። በፍላሚሽ አሮጌ ማለት ነው። በአውሮፓ ሕግ የተጠበቀ ስም ነው፤ ዝም ብሎ አይለጠፍም። ካንቲዮን በራሱ ጠርሙስ ላይ መቶ በመቶ ላምቢክ ብሎ ይጽፋል። ካገኛችሁ በጎኑ አስተኝታችሁ ጨለማ ቦታ አቆዩት። ጉዝ ዓመታት ቢቆይ ይወደዋል። ክሪክና ፍራምቧዝ ግን ብዙ አታቆዩ፤ የፍሬው ሽታ በጊዜ ይሸሻል። ስትከፍቱ አትነቅንቁት። አተላ አለው። አሮጌዎቹ ቡና ቤቶች ጠርሙሱን ትንሽ ቅርጫት ውስጥ እንዳጋደለ የሚያቀርቡት ለዚህ ነው፤ አተላው ከታች እንዲቀር።

አንድ እህት ቅድም ስገባ "ለጾም ጊዜ ምን ትመክራለህ?" ብላኛለች። እሱን ለቄሱ ትቼዋለሁ። አልኮሉ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ ልጆችና መኪና የሚነዱ አይንኩት።

አንድ ጠርሙስ ክሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ጠዋት ከቤቱ ነው የገዛሁት፤ በትራም እንዳይናወጥ እቅፌ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት። ለሁሉም አይበቃም፤ ለአንድ ሰው አንድ ጉንጭ ይደርሳል። መጀመሪያ አሽትቱት። ቼሪውን ታገኙታላችሁ። ከዚያ ቅመሱት። እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩ። ብርጭቆዎን ያቅርቡልኝ።